የድርጅትዎ ዳታ የት ይቀመጥ? ቢሮ፣ አዲስ አበባ፣ ፍራንክፈርት ወይስ ኬፕታውን

ሆስቲንግ (ድረ ገጽና ዳታ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ) የሚመርጥ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው የወር ክፍያውን፣ የዲስኩን ስፋትና ሰርቨሩ ሳይቆም የሚሠራበትን ጊዜ የምትገልጸዋን «99.9 በመቶ» የምትል ቁጥር ነው። ለአንድ የማስተዋወቂያ ድረ ገጽ ይህ ይበቃል። የታካሚ ካርድ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የተበዳሪ ማኅደር ወይም የደንበኛ ስልክ ቁጥር የሚይዝ ሥርዓት ከሆነ ግን ከዋጋው በፊት መልስ የሚሹ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ዳታው በአካል የተቀመጠው የት አገር ነው? አስቀማጩ ኩባንያ የሚታዘዘው ለማን ሕግ ነው? የተመሰጠረውን ዳታ የሚፈታው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ለአንዱ ሰርቨር የሦስቱ መልስ ሦስት የተለያየ አገር ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት፣ ኩባንያው የአሜሪካ፣ ቁልፉ ደግሞ አዲስ አበባ ቢሮዎ ካዝና ውስጥ። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ይቆማል።

ሕጉ የሚጠይቀው

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተቆጣጣሪ ያደረገው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው። ሆስቲንግ ለሚመርጥ ሰው ከአዋጁ ሦስት ነገሮች ዋና ናቸው። አንደኛ፣ አዋጁ የዳታ ሉዓላዊነትን መርህ ይዟል፤ በአገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል ዳታ በኢትዮጵያ በሚገኝ ሰርቨር ወይም ዳታ ሴንተር እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ዳታ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፈው ተቀባዩ አገር በቂ ጥበቃ ሲኖረው ወይም አዋጁ የዘረዘራቸው ሌሎች ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። ሦስተኛ፣ ዳታ ከተጣሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እንደ ጤና ያለ ዳታ ደግሞ ስሱ ተብሎ ጠንከር ያለ ጥበቃ ተደርጎለታል።

ዋናው ተጠያቂ የሆስቲንግ ኩባንያው ሳይሆን ዳታውን የሰበሰበው ድርጅት መሆኑን ልብ ይበሉ። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ቢሆንም ታካሚው ወይም ደንበኛው ስሙን የሰጠው ለእርስዎ ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ ገበያ ያለው ድርጅት ሁለተኛ ሕግም ይደርስበታል። ቡና ወይም የሐበሻ ልብስ ስቶክሆልምና ሮም ላሉ ደንበኞች በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ፣ ቢሮው አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ ይመለከተዋል። ከባዱ ቅጣት እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 4 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ የበለጠው ይወሰዳል። የ72 ሰዓቱ ግዴታም እዚያ አለ።

መጀመሪያ ዳታውን ይለዩ

«ሁሉንም ወደ አገር ውስጥ እናምጣ» እና «ሁሉንም ክላውድ ላይ እናድርግ» የሚሉት ሁለቱም ውሳኔዎች ሳይታሰብባቸው የሚወሰኑ ናቸው። ምርጫው ለድርጅቱ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የዳታ ዓይነት ነው የሚደረገው።

አንድ መካከለኛ ክሊኒክ እንውሰድ። ድረ ገጹ ላይ ያሉት የሐኪሞች ስም፣ የሥራ ሰዓትና አድራሻ ለሕዝብ የተጻፉ ናቸው፤ የትም አገር ቢቀመጡ ጉዳት የለውም። የቀጠሮ ፎርሙ ስምና ስልክ ይቀበላል፤ ይህ የግል ዳታ ነው። «ለምን ጉዳይ ይመጣሉ?» የምትል አንዲት ሳጥን ፎርሙ ላይ ከተጨመረች ደግሞ ያው ፎርም የጤና ዳታ ሰብሳቢ ይሆናል። ሳጥኗን ማንሳት ከየትኛውም ሰርቨር ለውጥ ይረክሳል። የካርድ ክፍሉ ሥርዓትና የላብራቶሪ ውጤቱ ስሱ ዳታ ናቸው፤ ቦታቸው አገር ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሠራተኞች ኢሜይል፣ የደመወዝ ፋይልና የጥበቃ ካሜራው ቅጂ አሉ።

ይህን ዝርዝር በአንድ ገጽ ሲያሰፍሩ ከዳታው ጎን «በየት በኩል ይወጣል?» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው የሚገኘው እዚያ ነው። ካርድ ክፍሉ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ሆኖ ሳለ የላብራቶሪ ባለሙያው ውጤቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም የሚልክ ከሆነ፣ የሠራተኛ ምዝገባው በጉግል ፎርም የሚሞላ ከሆነ፣ ወይም ኢሜይሉ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ሆኖ ውጤቶች በአባሪነት የሚላኩበት ከሆነ፣ ስለ ሉዓላዊነት የወጣው ወጪ ሁሉ ውሃ አያነሳም። ድረ ገጹ ውስጥ የሚገቡ የውጭ ኮዶችም ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ የሙኒክ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አንድ ድረ ገጽ የጎብኚውን አይፒ አድራሻ (መሣሪያው በኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር) የጉግል ፎንት በመጫን ብቻ ወደ ጉግል አሳልፏል ብሎ 100 ዩሮ ካሳ አስከፍሏል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ፎንቱን አውርዶ በራስ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ግን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሰርቨር

በሦስቱም ጥያቄ ንጹሕ መልስ ያለው ይህ ነው፦ ቦታው የእርስዎ፣ ባለቤቱ እርስዎ፣ ቁልፉም በእጅዎ። ድክመቱ መብራት፣ ሙቀት፣ ሌባና ባለሙያ ናቸው። 350 ዋት የሚወስድ ሰርቨር ባለ 1500 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ፣ ውስጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢኖር፣ በአዲስ ባትሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። ባትሪው ሁለትና ሦስት ዓመት ከሆነው ግማሹንም ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤሱን የሚገዙት ጀነሬተር እስኪነሳ ወይም ሰርቨሩ በሥርዓት እስኪዘጋ ለሚሆን ጊዜ ነው፤ ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ካልተገናኘና ራስ ሰር መዝጊያው ካልተሠራ ሌሊት የጠፋ መብራት ዳታቤዙን ሊያበላሸው ይችላል።

ሁለት ዲስክ በሬይድ (ያው ዳታ ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጻፍ) ማጣመር ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አይደለም። አንዱ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ ሠራተኛ በስህተት ሲያጠፋ ወይም ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሲገባ ግን ሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል። ቢሮው ዲስኮቹን መስጥሮ የማይጠቀም ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩን የሰረቀ ሰው የታካሚዎቹን ሁሉ ስም ይዞ ይሄዳል። ለአሥር እና ሃያ ሠራተኛ የሚሆን የውስጥ ሥርዓት፣ የሚጠብቀው ባለሙያ ካለ፣ በዚህ መንገድ በደንብ ይሄዳል። ከውጭ ብዙ ሰው የሚገባበት ሥርዓት ግን እዚህ ባይቀመጥ ይሻላል።

አገር ውስጥ ያለ ዳታ ሴንተር

እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ክላውድ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌ ክላውድ እንደሚሰጠው ዓይነት፣ ማሽኑም ዲስኩም የአቅራቢው ሆኖ እርስዎ የሚከራዩት። ሁለተኛው ኮሎኬሽን ነው፤ ሰርቨሩን እርስዎ ገዝተው በዳታ ሴንተሩ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ውስጥ የሚያስቀምጡት። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ያሉት ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ናቸው፤ ሁለቱም በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የሚሠሩ ኩባንያዎች ናቸው። በኮሎኬሽን የሕንፃው ባለቤት የውጭ ኩባንያ መሆኑ ከክላውድ ያነሰ ያሳስባል፤ ምክንያቱም ከእርሱ የሚከራዩት ቦታ፣ መብራት፣ ቅዝቃዜና መስመር እንጂ ዲስክ አይደለም። ዲስኩ የእርስዎ ነው፣ ከተመሰጠረም በሩን የሚከፍት ሰው ምንም አያነብም።

ዋጋ ሲጠይቁ በራክ ዩኒት፣ በኪሎዋትና በመስመር ፍጥነት ለየብቻ ያስነግሩ። ለሰርቨሩ ሁለት የመብራት ማስገቢያ እንዲኖረውና እያንዳንዱ ከተለየ ምንጭ እንዲመጣ ይጠይቁ፤ ባለ አንድ ፓወር ሰፕላይ ሰርቨር ይዞ ሁለት ምንጭ ያለው ዳታ ሴንተር መግባት ትርፉ ግማሽ ነው። ሌሊት ሰርቨሩ ቢቆም ቁልፉን ተጭኖ የሚያስነሳ ሰው አለ ወይ፣ በምን ያህል ደቂቃ፣ ለስንት ብር? ከአንድ በላይ የኢንተርኔት አቅራቢ መስመር ሕንፃው ውስጥ ገብቷል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ አንዱ መስመር ሲቆረጥ ሌላው የሚያድነው በተለየ መንገድ ከገባ ብቻ ነው።

አገር ውስጥ መሆን የሚሰጠው ሌላ ጥቅም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ ሥርዓቱ ሁሉ ውጭ አገር የነበረ ድርጅት ከራሱ መዝገብ ጋር ተቆራርጦ ነበር። ሰርቨር አዲስ አበባ መሆኑ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ቅርንጫፎቹን ከዳታ ሴንተሩ የሚያገናኝ፣ በኢንተርኔት የማያልፍ የግል መስመር ሲኖር ነው ሥራ የሚቀጥለው።

ደግሞም አገር ውስጥ ያለ ሰርቨር ከማንም ትዕዛዝ ነፃ ነው ብሎ መሸጥ ትክክል አይደለም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚያዘው እዚህ ይፈጸማል። ልዩነቱ ትዕዛዙ ድርጅትዎ በሚያውቀው ሕግ፣ በሚያውቀው ቋንቋና ጠበቃ ሊቆምበት በሚችለው ችሎት መምጣቱ ነው።

የአውሮፓ ኩባንያ፣ አውሮፓ ውስጥ

እንደ ጀርመኑ ሄትዝነርና እንደ ፈረንሳዩ ኦቪኤች ያሉት እዚህ ይመደባሉ። ቦታውም ሕጉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ለአውሮፓ ደንበኞች ዳታ ምቹ ናቸው፤ ዋጋቸውም ርካሽ ነው። ግን ሲመዘገቡ ቦታውን በጥንቃቄ ይምረጡ፤ ሄትዝነር ከኑረምበርግ፣ ፋልከንሽታይንና ሄልሲንኪ ሌላ በአሜሪካና በሲንጋፖርም ሰርቨር ያከራያል፤ በአንዲት ቁልፍ ስህተት ዳታው ቨርጂኒያ ያድራል።

ባክአፕን በተመለከተ የኦቪኤች ጉዳይ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ ያለው ዳታ ሴንተሩ ተቃጥሎ አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፕ የገዙ ደንበኞች ሳይቀሩ ዳታ አጡ፤ ባክአፑ የተቀመጠው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የሊል ንግድ ፍርድ ቤት ለአንድ ደንበኛ ከ100,000 ዩሮ በላይ እንዲከፈል ወስኗል። ስለዚህ «ባክአፕ አለው» የሚል መስመር ሲያዩ «በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት?» ብለው ይጠይቁ።

የአሜሪካ ኩባንያ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም ደቡብ አፍሪካ

ብዙ ድርጅት የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ማይክሮሶፍት የአንድ ደንበኛን ኢሜይል እንዲያስረክብ አዘዘ። ኢሜይሉ ያለው ደብሊን፣ አየርላንድ ነበር። ማይክሮሶፍት «ዳታው አሜሪካ የለም» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ኮንግረሱ ክላውድ አክት የተባለውን ሕግ አወጣ፤ የአሜሪካ ኩባንያ በእጁና በቁጥጥሩ ሥር ያለን ዳታ፣ የትም አገር ቢቀመጥ፣ በሕጋዊ ትዕዛዝ ማስረከብ አለበት የሚል። ክርክሩ እዚያው አበቃ። ኬፕታውን ያለው የአማዞን፣ ጆሃንስበርግ ያሉት የማይክሮሶፍት፣ የጉግልና የኦራክል ዳታ ሴንተሮች ሁሉ በዚህ ሕግ ዓይን የአሜሪካ ናቸው። በዚያ ላይ ደቡብ አፍሪካ የራሷ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት፤ ሁለት አገር በአንድ ጊዜ ያዝዛል ማለት ነው።

የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ሁለቴ ጠንከር ያለ አቋም ወስዷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 እና በሐምሌ 2020 የአውሮፓ ዳታ ወደ አሜሪካ የሚያልፍባቸውን ሁለት ስምምነቶች ተራ በተራ ሰርዟል። አሁን ያለው ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የጸደቀው ነው። ሥርዓቱን በዚህ ስምምነት ላይ ብቻ የሚያቆም ድርጅት ስምምነቱ በተሰረዘ ማግስት ዳታውን የሚያዛውርበት ቦታ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የማይክሮሶፍት ፈረንሳይ የሕግ ኃላፊ በፈረንሳይ ሴኔት ፊት በመሐላ ተጠይቀው፣ የፈረንሳይ ዜጎች ዳታ ያለ ፈረንሳይ ባለሥልጣናት ፈቃድ ለአሜሪካ መንግሥት እንደማይተላለፍ ዋስትና መስጠት እንደማይችሉ ተናግረዋል፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልደረሰም ጨምረዋል። ኩባንያዎቹም ይህን ጭንቀት አይተው «ሉዓላዊ ክላውድ» የሚል ምርት አምጥተዋል፤ አማዞን ብራንደንበርግ፣ ጀርመን ውስጥ ለሚያቋቁመው 7.8 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። እናት ኩባንያው አሜሪካዊ ሆኖ ሳለ ሉዓላዊነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የሚለየው ቁልፉን ማን ይይዛል የሚለው ነው።

እነዚህን ኩባንያዎች ፈጽሞ አትጠቀሙ ማለታችን አይደለም። ደኅንነታቸው ከብዙ ትናንሽ አቅራቢ ይበልጣል፤ ለሕዝብ ድረ ገጽ፣ ለሙከራ ሥርዓትና ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ላለ የተመሰጠረ ባክአፕ እዳው ገብስ ነው። ለታካሚ ካርድ ግን አንመክርም።

ዋጋ ላይ ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ። አማዞን ከአውሮፓ ሰርቨሮቹ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣን ዳታ፣ በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በላይ ላለው፣ በጊጋባይት 0.09 ዶላር ያስከፍላል። በወር 500 ጊጋባይት ቢወጣ 36 ዶላር ነው፤ ይህ ከማሽኑ ኪራይ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁሉንም ይዘው ልውጣ ያሉ ዕለት 5 ቴራባይት ካለዎት፣ አማዞን ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ለሚለቁ ደንበኞች በጥያቄ የሚሰጠውን ነፃ ማስወጫ ካላገኙ፣ ወደ 440 ዶላር ያህል ይመጣል። ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ካርዱ አንድ ወር እምቢ ካለ ማስጠንቀቂያው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ይመጣና ሰርቨሩ ይታገዳል፣ ከዚያም ይሰረዛል። የክፍያ ማስታወቂያ ኢሜይሉን ቢያንስ ለሁለት ሰው ያድርጉ፤ ቢቻል የሦስት ወር ክፍያ አስቀድመው ያስቀምጡ።

«አገር ውስጥ ነው» ሲባል ማረጋገጥ

አገር ውስጥ ሆስቲንግ ተብሎ በብር የሚሸጥ ብዙ ጥቅል በእርግጥ ጀርመን ወይም አሜሪካ ካለ ሰርቨር ላይ ተቆርሶ የሚሸጥ ነው። ሻጩ እንደዚያ ብሎ ቢናገር ጥፋት የለበትም፤ ሳይናገር ሲቀር ነው ችግሩ። ማረጋገጫው አንድ ደቂቃ ይወስዳል።

አዲስ አበባ ካለ መስመር ሰርቨሩን ፒንግ ያድርጉ፤ ይህ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይለካል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ሲለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም፣ ገመዱ በጅቡቲና በባሕር ዞሮ ስለሚሄድ ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ መልሱ በ5 ወይም በ15 ሚሊሰከንድ ከመጣ ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ሊሆን አይችልም። በ130 ከመጣ አዲስ አበባ ነው ለማለት አይቻልም፤ የአገር ውስጥ መልእክት አንዳንዴ ውጭ ዞሮ ስለሚመለስ ግን በትሬስራውት በየት በየት እንዳለፈ ይመልከቱ። ኬፕታውን «አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ቅርብ ነው» የሚባለውም በዚሁ ስሌት ይታያል፦ ርቀቱ 5,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍራንክፈርት ብዙም አይለይም።

ቀጥሎ የአይፒ አድራሻውን ባለቤት በሁኢዝ (የአድራሻ ባለቤቶች መዝገብ) ይፈልጉ። የሚወጣው ስም ክላውድፍሌር (በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል ቆሞ የሚያስተላልፍ አገልግሎት) ከሆነ ያዩት የፊት በሩን ነው፤ ከጀርባ ያለውን ሰርቨር አድራሻ ሻጩን ይጠይቁ። በዚህ አጋጣሚ፣ እንዲህ ያለ አገልግሎት ከፊት ሲቀመጥ የኤችቲቲፒኤስ ምስጠራው የሚፈታው እዚያ ነው፤ ይለፍ ቃሉም ፎርሙም በመንገዱ ላይ ተፈትቶ ያልፋል። የካርድ ክፍሉን ሥርዓት ከጀርባው አያስቀምጡ።

ቁልፉ

አቅራቢዎች ሁሉ «ዳታው ዲስክ ላይ የተመሰጠረ ነው» ይላሉ። ቁልፉም እነርሱ ዘንድ ነው። ይህ ምስጠራ የተጣለ ዲስክ ከሚያነሳ ሰው ይጠብቃል፤ ከአቅራቢው ራሱና ለአቅራቢው ከሚመጣ ትዕዛዝ አይጠብቅም። በተከራዩት ቪፒኤስ (ከአንድ ትልቅ ማሽን ተቆርሶ የሚከራይ ሰርቨር) ላይ ዲስኩን እርስዎ በራስዎ ቁልፍ ቢመሰጥሩትም ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቁልፉ ሜሞሪው ላይ ስላለ፣ ማሽኑን የሚያስተዳድረው አካል ሜሞሪውን መቅዳት ይችላል። ሥርዓቱ ዳታውን አንብቦ መሥራት ካለበት፣ በሰው ማሽን ላይ ሙሉ ምስጢር የለም። አገር ውስጥ ማስቀመጥና ኮሎኬሽን የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ባክአፕ ግን ሌላ ነው፤ መነበብ ሳያስፈልገው የሚቀመጥ ዳታ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ሊመሰጠር ይችላል። ሬስቲክ ወይም ቦርግ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ዳታው ከሰርቨርዎ ሳይወጣ ይመሰጥሩታል። ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፤ ሁለቱ በተለያየ ማከማቻ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቅጂ የተመሰጠረ ቢሆንም በአዋጁ ዓይን ማስተላለፍ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከጠበቃ ጋር ይነጋገሩ፤ መቀሌ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያለ ቅርንጫፍ ካለዎት ይህን ጥያቄ ጨርሶ ያስቀሩታል።

ሦስት ነገር ባክአፕን ያበላሸዋል። ቁልፉ እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ተቀምጦ ከሰርቨሩ ጋር ይጠፋል፤ በወረቀት ታትሞ በታሸገ ፖስታ በሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ለምሳሌ በሥራ አስኪያጁ ካዝናና በባንክ ሳጥን። ሰርቨሩ የባክአፕ ቦታውን የማጥፋት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩን የያዘ ወንበዴ ባክአፑንም ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ፈቃዱ የመጨመር ብቻ ይሁን። ሦስተኛው ደግሞ ማንም መልሶ ሳይሞክረው መቆየቱ ነው። በየሦስት ወሩ ባዶ ማሽን ላይ መልሰው ያስነሱት፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፉ፣ የታካሚ ወይም የደንበኛ መዝገቦችን ቁጥር ከዋናው ጋር ያስተያዩ።

ውሉ ላይ የሚገባ

«ዳታዎን በከፍተኛ ጥንቃቄ እንጠብቃለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ጥርስ የለውም። በምትኩ የሚከተሉትን ያስጽፉ። ዳታውም ባክአፑም የሚቀመጥበት ከተማ በስም፣ ያለ ጽሑፍ ስምምነት እንዳይዛወር። አቅራቢው የሚጠቀምባቸው ንዑስ ተቋራጮች ዝርዝር። ጥሰት ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ፤ የእርስዎ 72 ሰዓት እየሮጠ አቅራቢው በአምስተኛው ቀን ቢነግርዎት ጊዜው አልፏል። ከመንግሥት አካል ጥያቄ ሲመጣ፣ ሕግ ካልከለከለ በስተቀር፣ አስቀድሞ ማሳወቅ። ውሉ ሲያበቃ ዳታውን በማንኛውም ሥርዓት በሚነበብ መልክ ማስረከብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ማጥፋትና ማጥፋቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ።

«99.9 በመቶ» በወር 43 ደቂቃ መቆም ይፈቅዳል፤ 99.5 ደግሞ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ሲቆም የሚመለሰው ብር ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ቁጥሩ ጌጥ ነው።

ዶሜይኑን (የድረ ገጹን ስም) አይርሱ። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት በራሱ ኢሜይል ካስመዘገበው፣ ሰርቨሩ የትም ይሁን በሩ የእርሱ ነው። መዝገቡ በድርጅቱ ስም፣ በድርጅቱ ኢሜይል ይሁን። ዶት ኢቲ የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የምትጠፋ አንዲት የዶሜይን ክፍያ ኢሜይሉንም ድረ ገጹንም በአንድ ቀን ታስቆማለች።

የትኛውን?

ክሊኒክ፣ የቁጠባና ብድር ተቋም ወይም የሠራተኛ ማኅደር የሚይዝ ድርጅት፦ ዋናው ሥርዓት አገር ውስጥ፣ በጀቱ ከፈቀደ በኮሎኬሽን በራስ ሰርቨር፣ ካልፈቀደ በአገር ውስጥ ክላውድ፤ ባክአፑ ተመስጥሮ ሌላ ከተማ። ባንክና የብድር ተቋማት የብሔራዊ ባንክን መመሪያ ጨምረው ማየት አለባቸው። ለአውሮፓ ደንበኛ የሚሸጥ ሱቅ፦ የደንበኞቹ መዝገብ በአውሮፓ ኩባንያ፣ አውሮፓ ውስጥ፤ የአገር ውስጥ ደንበኞቹ መዝገብ ተለይቶ እዚህ። ማስተዋወቂያ ድረ ገጽ ብቻ ያለው፦ ርካሹን ይውሰድ፣ የመልእክት ፎርሙን ግን የሚቀበለውን ዳታ በ30 ቀን እንዲያጠፋ ያድርገው። አሥር ሠራተኛና አንድ ጥሩ ባለሙያ ያለው ቢሮ፦ የራሱ ሰርቨር በቂ ነው፣ ዩፒኤሱና ባክአፑ ከላይ እንደተባለው ከሆነ።

ሲዛወሩ

ከዝውውሩ 48 ሰዓት በፊት የዲኤንኤሱን (የድረ ገጹን ስም ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር የሚያያይዘውን መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም የድሮው አድራሻ በሌሎች ዘንድ የሚታወስበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱ፤ ይህን ያልሠራ ድርጅት አሮጌውና አዲሱ ሰርቨር ለአንድ ቀን ተከፋፍለው ትዕዛዝ ሲቀበሉ ያገኛል። ዳታውን አስቀድመው ይቅዱ፣ ደንበኛ በማይበዛበት እሁድ ማታ አሮጌውን ለንባብ ብቻ ያድርጉ፣ የተለወጠውን ቀሪ ይቅዱ፣ መዝገቦቹን ይቁጠሩ፣ ከዚያ አድራሻውን ይቀይሩ። ይለፍ ቃሎችንና የኤፒአይ ቁልፎችን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙባቸውን) በሙሉ ይለውጡ፤ አሮጌው አቅራቢ ዘንድ ቅጂያቸው አለ። አሮጌውን ሰርቨር ለ14 ቀን ያቆዩት፤ በ15ኛው ቀን ዲስኩን ራስዎ ደምስሰው፣ አቅራቢው ያነሳቸውን ስናፕሾቶች (የዲስኩን ቅጂዎች) አንድ በአንድ ሰርዘው፣ የመጥፋት ማረጋገጫውን በጽሑፍ ተቀብለው ሒሳቡን ይዝጉ። ስናፕሾቶቹ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር አብረው አይጠፉም፤ ለብቻ ካልተሰረዙ የታካሚዎቹ መዝገብ ከዝውውሩ በኋላም እዚያው ሊቀመጥ ይችላል።